እየተሸኘን የጠየቅናቸው ሰዎች

ባለፈው ጥቅምት አንዲት ልጅ ደባርቅ ወዳለው ቤቴ መጣች። ቅድስት ትባላለች። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት እኔ እሠራው የነበረውን ሥራ ዛሬ የምትሠራው እሷ ናት። የጤና ጣቢያው ቦርድ ዘመኑን ስለ ጨረሰ አዳዲስ አባላት እየተፈለጉ መሆኑን፣ ከሕዝብ ወገን አንዷ እኔ እንድሆን መታሰቡን ነገረችኝ። «ክፍያ ግን የለውም» አለች። ይህን ለእኔ መንገሯ በሆዴ አሳቀኝ።

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ። እነ መምህር አየነው እያሉ» አልኋት።

ስልኳ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች፣ አመሰገነችኝና ተነሣች። ልሸኛት ነጠላዬን ሳነሣ «ኧረ አይቸገሩ፣ ቁጭ ይበሉ» ብላ ከግቢው ወጣች። በሩ ላይ ቆሜ እስከ መታጠፊያው ድረስ አየኋት። ዞር አላለችም።

ልቤ የፈለገውን ያን ጊዜ ለራሴም አልነገርሁትም። አሁን ልናገረው፦ ቦርዱ ላይ መቀመጥ ፈልጌ ነበር።

ሥራዬ ሰው መለመን ነበር። መሥሪያ ቤቱ እንዲያ ብሎ አይጽፈውም እንጂ ነገሩ ይኸው ነው። ጤና ጣቢያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ የመጠጥ ውኃው፣ የመሬት አስተዳደሩ፣ ሁሉም ከሕዝብ የተውጣጣ ቦርድ ወይም ኮሚቴ ሊኖረው ይገባል። አባላቱ የሚያገለግሉት በነጻ ነው። ቦርድ ከሌለ ጤና ጣቢያው ከታካሚ የሰበሰበውን ገንዘብ ለመድኃኒት ማዋል አይችልም፤ ውሳኔ የሚሰጥለት የለማ። እነዚህን ሰዎች ከየቤታቸው ፈልጎ፣ አግባብቶ፣ አሹሞ ወንበሩ ላይ ማስቀመጥ የእኛ ፋንታ ነበር። መጀመሪያ ዳባት፣ በኋላ ደባርቅ ሠራሁ። ውሎ አበሉ ጫማ አይገዛም ነበር፤ ስለ እሱ ይህን ካልሁ ይበቃል።

ዳባት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ወረዳው ጽሕፈት ቤት የገባሁት በታይፒስትነት ነው። የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ደሴ ነበሩ፤ ረጅም፣ ጎንበስ ያሉ፣ ጥቁር ጃንጥላቸውን በጋም ክረምትም የማይለዩ ሰው። ባል በሌለበት ቤት ብቻቸውን መግባት አይወዱም ነበር። አንድ ቀን የቀበሌ ትምህርት ቤት ኮሚቴ ላይ እንድትገባ ያሰቧትን ሴት ሊያነጋግሩ ሲነሡ ባሏ ወደ ጎንደር መውረዱን ሰሙ። እኔ የጽሕፈት መኪናዬ ላይ ተደፍቼ ነበር።

«ይታይሽ» አሉኝ፣ «የጽሕፈት መኪናው የትም አይሄድብሽ። ጫማ ቀይሪና ነይ።»

ከዚያ ቀን በኋላ መኪናው ሌላ ሰው አገኘ።

ጋሽ ደሴ ሰው የሚመርጡበት መንገድ የራሳቸው ነበር። አንድ ቀበሌ ስንገባ ሊቀ መንበሩን ማን ተማረ፣ ማን ተደማጭ ነው ብለው አይጠይቁም። «ቅርጫ ስታርዱ መደቡን ማን ነው የሚደለድለው?» ይላሉ። በዓል ሲደርስ ጎረቤት በሬ ገዝቶ ሲካፈል አንድ ሰው ጉበቱንም ሽንጡንም አጥንቱንም እያየ መደቦቹን እኩል ያደርጋል። እኩል ካልሆኑ እስከሚቀጥለው በዓል የሚዘልቅ ኩርፊያ አለ። ያ ሰው ማን እንደ ሆነ ሕፃኑ ሁሉ ያውቃል። ስሙን ከሰሙ በኋላ ሌላ ጥያቄ የላቸውም።

ሰውን ወደ መሥሪያ ቤት አስጠርተው አያውቁም። ቢሮ የተጠራ ገበሬ ግብር ወይም ክስ መጣብኝ ብሎ ነው የሚመጣው፤ የሚሰማውም ያንኑ ነው ይሉ ነበር። በገበያ ቀንም አይጠይቁም። ቤቱ ሄደው ይቀመጣሉ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ደብሩ ጣሪያ ሲጨዋወቱ ይቆያሉ፤ የመጡበትን ግን አያነሡም። እኔ መጀመሪያ ላይ ረስተውት እየመሰለኝ በክርኔ እነካቸው ነበር። ከዚያ ይነሣሉ። ባለቤቱ ደግሞ እንግዳውን ሳይሸኝ አይቀርም። ጥያቄው የሚመጣው በሽኝቱ መንገድ ላይ ነው።

«ቤቱ ውስጥ ሚስቱ ትሰማለች፣ ልጆቹ ይሰማሉ» አሉኝ አንድ ጊዜ ስጠይቃቸው። «እምቢ ቢል ያፍራል፤ እሺ ቢልም ያፍራል። መንገድ ላይ ግን እኛና እሱ ብቻ ነን። ፊቱንም አላየው።»

እውነትም አያዩትም። ሁለቱም ፊት ለፊት መንገዱን እያዩ ይሄዳሉ። ጋሽ ደሴ ጃንጥላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛውረው «ጤና ጣቢያው ሰው ቸግሮታል፤ ቢገቡልን» ይላሉ። ሰውየው «ኧረ እኔ ምን አውቄ፤ እነ እገሌ እያሉ» ይላል። ይህ የታወቀ ነው። በእኛ አገር ጨዋ ሰው ሹመት ሲነገረው እሺ ብሎ አይዘልም። ጋሽ ደሴም ክርክር አይገጥሙም። ሰውየው እንዲመለስ ከፈለጉ «ይበቃል፣ ይመለሱ» ይሉታል፤ ካልፈለጉ ዝም ብለው ይራመዳሉ፤ እሱም ይራመዳል። «ይመለሱ» ሳይባል የሚመለስ ሸኚ የለም። ከቤት በጣም የራቀ ሸኚ ደግሞ ልቡ ወዴት እንደ ሆነ በራሱ እግር ይናገራል።

ሁለተኛው ጥያቄ የሚሄደው በሰው ነው፤ በወዳጅ ወይም በነፍስ አባት። ሦስተኛውን ራሳቸው ተመልሰው ይጠይቃሉ፤ አሁንም በሽኝት። በሦስተኛው እሺ ያላለ እምብዛም አላጋጠመንም።

ገና ንግግራቸውን ሳይጨርሱ እሺ የሚል ሰው ያስደነግጣቸው ነበር። ዳባት አንድ ነጋዴ እንዲያ አለ። ጋሽ ደሴ አመስግነው ወጡና መንገድ ላይ «ይኼ ሰው ወይ ማኅተሙን ፈልጓል፣ ወይ ዘበኛ የሚያስቀጥረው ዘመድ አለው» አሉኝ። አለቃ ከላይ አስገድዷቸው ሾሙት። ዘመዱ በወሩ ዘበኛ ሆነ። ጋሽ ደሴ በጤና ጣቢያው በር ባለፍን ቁጥር ዘበኛውን ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው ሰላም ይሉት ነበር። እኔ ሳቄን ለመዋጥ መሬት መሬት አያለሁ።

ለሴቶቹ የራሴን መንገድ ያገኘሁት ቀስ በቀስ ነው። ቅርጫ የሚደለድሉት ወንዶች ናቸው። እኔ ወፍጮ ቤት ሄጄ መቀመጥ ጀመርሁ። ወፍጮ ቤት ተራ የሚያስይዝ ሹም የለም፤ ግን ጠብ ሲነሣ ሁሉም ዞር ብለው የሚያይዋት አንዲት ሴት አትጠፋም። አንጓች የምትባል ከደባርቅ ጫፍ የምትመጣ ሴት ያገኘሁት እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው ስብሰባዋ ወንዶቹ ስለ አጥር ሲከራከሩ ቆይተው ወደ መጨረሻው አስተያየት እንዳላት ጠየቋት።

«አጥሩ መልካም ነው» አለች። «ምጥ የያዛት ሴት ግን ውኃ ከቤቷ በጀሪካን ተሸክማ ነው የምትመጣ። አጥሩ ምኑን ነው የሚጠብቀው?»

ውኃው ገባ። አጥሩ ለከርሞ ተላለፈ።

ሁለታችንም ወደ ደባርቅ ተዛውረን እንዲህ እንዲህ እያልን ብዙ ዓመት ሠራን። ወደ ጃናሞራ መንገድ ቀበሌዎቹ ይራራቃሉ፤ መኪና እስከሚደርስበት በመኪና፣ ከዚያ በእግር ነው። ከሳንቃ በር ወዲህ ነፋሱ ነጠላ አያስይዝም። ለስብሰባ ጎንደር ወርደን ስንመለስ ኮሶዬ ላይ መኪናው ይቆማል። ጋሽ ደሴ ሁልጊዜ ይወርዳሉ። ገደሉ አፋፍ ቆመው ወደ ቆላው ይመለከታሉ፤ ምን እንደሚያዩ ጠይቄያቸው አላውቅም። ሾፌሩ ጥሩንባ ሲነፋ ሳይቸኩሉ ይመለሳሉ። አሁን ያ መንገድ እንደ ልብ የሚኬድበት ዘመን አይደለም፤ እኔም ጉልበቴ የለም። ያም ሆኖ ጠዋት ስነሣ አንዳንዴ የትኛው ቀበሌ ተራ እንደ ሆነ ላስታውስ እሞክራለሁ።

አሁን የቄስ ምሕረቱን ነገር ልጻፍ።

ከሳንቃ በር ግርጌ ካሉት መንደሮች ባንዱ የሚያገለግሉ ካህን ነበሩ። ቅርጫው መደብ ላይ እጃቸውን ካሳረፉ ዕጣ የሚያወጣ እንኳ አያስፈልግም ይባልላቸው ነበር። የደጋው ቀበሌዎች ጤና ጣቢያ ቦርድ ሊቋቋም ጊዜው ደርሶ አንድ ሰው ጎደለ። ጋሽ ደሴ ታመው ስለ ነበር ብቻዬን ሄድሁ። ከመኸሩ አፋፍ ላይ ነው፤ ገብሱ ቢጫ ሆኖ ቆሟል።

ሲሸኙኝ ጠየቅኋቸው። «አልችልም ልጄ፤ ገብሱ ደርሷል» አሉኝ። የተለመደው ነው ብዬ ተመለስሁ። በሁለተኛው የደብሩን አለቃ ላክሁባቸው። የመጣልኝ መልስ ልጃቸው ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ መውረዱንና የሚያጭድላቸው ሰው አለመኖሩን የሚናገር ነበር። በሦስተኛው ራሴ ተመለስሁ። አሁንም ሸኙኝ።

«ልጄ የለም። ገብሱ አለ። አልችልም» አሉ።

«የመጀመሪያው ስብሰባ አጭር ነው፣ አባቴ። እርስዎ ካልገቡ ምልዓተ ጉባኤው አይሞላም፤ የእናቶቹ መድኃኒት ይቆማል» አልኋቸው።

ረጅም መንገድ ዝም ብለው ሄዱ። ከቤታቸው በጣም ራቅን። እኔም በልቤ እግራቸው እሺ አለ ብዬ ደስ አለኝ። «ይበቃል፣ ይመለሱ» አልኋቸው፤ «እሺ፣ እመጣለሁ» ብለው ተመለሱ።

ስብሰባው አጭር አልሆነም። ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡት ዘግይተው ለማግስቱ ተዛወረ፤ እሳቸውም አደሩ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የስብሰባው አዳራሽ ቆርቆሮ ላይ በረዶ ወረደ። የሊቀ መንበሩ ድምፅ እስከማይሰማ ድረስ ወረደ። ሁላችንም ጣሪያውን አየን። ቄስ ምሕረቱ ግን ጣሪያውን አላዩም፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወለሉን ያዩ ነበር።

ከሰነበተ በኋላ ቢሮ መጡ። ለወቀሳ መስሎኝ ተነሥቼ ወንበር ሳብሁላቸው። ድምፃቸው እንደ ወትሮው ዝግ ያለ ነበር።

«ይታይሽ» አሉኝ፣ «ልጠይቅሽ ብዬ ነው የመጣሁ። ሦስት ጊዜ አልችልም ብያለሁ። እውነተኛውን አልችልም በምን ቃል ልበለው ኖሯል?»

ገብሱ ተርፎ እንደ ሆነ ስጠይቃቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ምእመናኑ እህል እያዋጡላቸው እንደ ሆነ ነገሩኝ። ከቦርዱ በክብር ላሰናብትዎ አልኋቸው። «ቃል ሰጥቻለሁ» አሉ። ዘመኑ እስኪያልቅ አንድም ስብሰባ አልቀሩም። እኔን ባገኙኝ ቁጥር እንደ ወትሮው መስቀላቸውን ያሳልሙኝ ነበር፤ ያ ጥያቄ ግን ሁለተኛ አልተነሣም።

ጋሽ ደሴ ሲሻላቸው ቤታቸው ሄጄ ነገርኋቸው። ትራስ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። ቄሱ በየጊዜው ያሉትን ቃል በቃል እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ነገርኋቸው።

«ማንንም አልጠሩም?» አሉ።

«አልጠሩም።»

«እነ እገሌ እያሉ አላሉሽም?»

«አላሉኝም። ገብሱን ብቻ ነው ያነሡት።»

ከትራሱ ቀና አሉ። «ሁሉም ሌላ ሰው ነበር የሚጠራልኝ» አሉ። «ያን ሁሉ ዓመት ልዩነቱ መኖሩን አላየሁትም፤ ገጥሞኝ አያውቅማ። ወይም ገጥሞኝ አልፌዋለሁ።»

ከዚያ ወዲህ ሥራችን ተለወጠ። እምቢ ያለ ሰው ስም ከጠራ እንመለስበታለን። ማሳውን፣ የታመመ ሰውን፣ የወለደች ላምን ከጠራ ግን ጋሽ ደሴ እዚያው «ይበቃል፣ ይመለሱ» ይሉትና ጉዳዩን ሁለተኛ አያነሡበትም። ወንበሩ ባዶ ከርሞ አለቆች የሚቆጡበት ጊዜ ነበር። ተቆጡ። ጋሽ ደሴ ጡረታ እስኪወጡ እንዲሁ አደረጉ፤ እኔም ከሳቸው በኋላ። ሲያርፉ የቀብራቸው ሰልፍ ላይ ከዚህም ከዚያም ቀበሌ የመጡ አንድ ጊዜ የሾምናቸው ሰዎች ነበሩ። እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም። አብረው የተራመዱት ግን ሁሉም ከእሳቸው ጋር ነው፤ ማን ማን እንደ ሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ።

ዛሬ ጥያቄው በስልክ ነው። መንገዱ አስቸጋሪ ሲሆን ጊዜ ሌላ ምርጫ አልነበረም፤ በኋላም በዚያው ቀጠለ። አልፈርድም። ቅድስት እንዲያውም ቤት ድረስ በመምጣቷ ከሌሎቹ ትሻላለች።

ሁለተኛ የመጣችው በሳምንቱ ነው፤ ፊቷ ተቀያይሯል። ሳትቀመጥ ጀመረች።

«እማማ ይታይሽ፣ ሁለታችሁ መጫወቻ አደረጋችሁኝ እንዴ? መምህር አየነው ጋ ሄድሁ። ‹ወይዘሮ ይታይሽ እያለች እኔ ምን አውቄ› አሉኝ። እርስዎ እሳቸውን ይላሉ፣ እሳቸው እርስዎን ይላሉ። የአንጓች ሴት ልጅ ጋ ሄድሁ፤ እሷ ደግሞ ሁለታችሁንም ጠራች። ቦርዱ አንድም ሰው የለውም። ጤና ጣቢያው የስኳር መድኃኒት ካለቀበት ሰነበተ፤ ገንዘቡ ተቀምጧል፣ የሚወስን የለም።»

ተቀመጪ አልኋት። ስለ መምህር አየነው ጥቂት ሳቅሁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ስለ ጋሽ ደሴ ነገርኋት፤ ስለ ቅርጫው፣ ስለ ሽኝቱ፣ ስለ ሦስቱ ጥያቄዎች። በጥሞና ሰማችኝና ቅንድቧን ሰበሰበች።

«እኔ ግን ሰው አይ ካለ አይ ነው ብዬ ነው የማምን» አለች። «ያሉኝን ቃል ይዤ ሄድሁ። ነውር ነው?»

«ነውር አይደለም» አልኋት። ከዚያ የቄስ ምሕረቱን ነገርኋት፤ ከጋሽ ደሴ በቀር ለማንም ነግሬው አላውቅም ነበር። «የዚያን ዓመት የሄድሽው አንቺ ብትሆኚ ኖሮ» አልኋት፣ «ገብሳቸው ይታጨድ ነበር።»

ውጭ ጎረቤቴ እህል ይነፋ ነበር፤ የወንፊቱ ድምፅ ይሰማል።

ቅድስት ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ስለ ዝናቡ ጠየቀችኝ። ስለ ጉልበቴ ጠየቀችኝ። የጓሮዬን ጌሾ አይታ አመሰገነችው። ምን ልታደርግ እንደ ሆነ ገባኝ፤ አላቸኮልኋትም። ከዚያ ተነሣች። እኔም ነጠላዬን አንሥቼ ተከተልኋት፤ በዚህኛው ጊዜ አይቸገሩ አላለችኝም።

እስከ መታጠፊያው ሳንነጋገር ሄድን። መታጠፊያውን አለፍን። ትልቁ መንገድ ላይ አንድ ጭነት መኪና ወደ ዳባት ይወርዳል፤ እስኪያልፍ ቆመን እንደገና ተራመድን። ፊቴን አላየችም። መንገዱን እያየች ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ጤና ጣቢያው ሰው ቸግሮታል፣ እማማ» አለች። «ቢገቡልን።»

«እኔ አርጅቻለሁ» አልኋት። «እነ መምህር አየነው እያሉ።»

አላመሰገነችኝም። መራመዷን ቀጠለች። ይመለሱም አላለችኝም፤ እኔም አልተመለስሁም።